ጉድፍ ጉሮሮ ሲገባ

(ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር። በቃል የተነገረው ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ ሳይበርድ ከሥራ ወጥታችሁ፣ ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም እዚሁ ከተማ ነው። የምናገረውን ሁሉ የምናገረው ከከዚራ፣ ከመጋላ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከዚሁ ከሳቢያን ታቅፈው የሚመጡ ልጆችን እያሰብኩ ነው።

የመጣሁት ስለ ጉድፍ ልነግራችሁ ነው። ቆዳ ላይ ስለሚወጣው ግን ብዙ አልናገርም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈርጣል፣ ቅርፊት ይሆናል። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ስለሚወጣ አንድ ልጅ ሆድ ላይ አዲሱንም፣ ውሃ የቋጠረውንም፣ የደረቀውንም በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። ክትባት ያልወሰደ ጤነኛ ልጅ ላይ ከ250 እስከ 500 የሚሆን ሊወጣ ይችላል። ያሳክካል፣ ያተኩሳል፣ ከዚያ ያልፋል። አብዛኛው ልጅ ያለ ልዩ መድኃኒት ይድናል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ማንም ከዚህ አዳራሽ በድንጋጤ እንዲወጣ ስለማልፈልግ ነው።

እናቶች ልጁን ይዘው ሲመጡ ልብሱን ገልጠው ጀርባውን ያሳዩኛል። "እየው ዶክተር፣ የቀረ ቦታ የለም" ይሉኛል። በሽታውን የሚለኩት በብዛቱ ነው። የቆዳው ብዛት ግን ጉሮሮው እንዴት እንዳለ አይነግረንም። ቆዳው ላይ ጥቂት ብቻ የወጣበት ልጅ ሊታፈን ይችላል፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ የወጣበት ደግሞ እየተጫወተ ሊያሳልፈው ይችላል። ስለዚህ ጉድፍ ቤታችሁ ሲገባ ቁስሉን አትቁጠሩ። ትንፋሹን አዳምጡ፤ ምራቁን ሲውጥ እዩት። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ትልልቆቹ ፈንጣጣን ታስታውሳላችሁ። ከአገራችን የጠፋው በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሕመምተኞች የተገኙትም በዚህ በምሥራቁ በረሃ በኩል ነበር። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው፣ የመርካው ሶማሊያዊ አሊ ማኦ ማሊን፣ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲታመም መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ሽፍታው ሲወጣ ደግሞ ጉድፍ ነው ተባለ። ጉድፍና ፈንጣጣ ያን ያህል ይምታታሉ። ፈንጣጣ ከሄደ ወዲህ ግን ጉድፍን "ይህማ ምን አላት" ማለት የለመድን ይመስለኛል። ከፈንጣጣ አንጻር ቀላል መሆኑ እውነት ነው። ቀላል መሆኑን ስናምን ግን ማየት እናቆማለን፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ጉድፍን የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር የሚባል ቫይረስ ነው። የሚገባው በአፍንጫና በጉሮሮ ነው። ከገባ በኋላ ከ10 እስከ 21 ቀን ምንም ሳያሳይ ይቆያል። ልጁ ሽፍታው ሊወጣ 1 ወይም 2 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ሁሉም ቁስል ቅርፊት እስኪሆን ድረስ ሌላውን ያስይዛል። መምህራን "ወዲያው ለይቼው ነበር፣ ታዲያ እንዴት ሌሎቹን ያዘ?" የምትሉት ለዚህ ነው፤ ስትለዩት ቀድሞ አስተላልፏል። ይኸው ቫይረስ ልጁ ከዳነ በኋላም ከሰውነት አይወጣም፤ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖርና በጉልምስና ወይም በእርጅና አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። አልማዝ ባለጭራ የወጣባት አያት የፈረጠ ቁስሏ ያልታመመ የልጅ ልጇን ከነካ ልጁን ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ቁስሉን በልብስ መሸፈንና እጅ መታጠብ ይበቃል፤ አያትን ከቤት ማራቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጉሮሮው ልምጣ።

ያ ውሃ የሚቋጥረው ፍንጣሪ አፍ ውስጥም ይወጣል። ላንቃ ላይ፣ ድድ ላይ፣ እንጥሉ አካባቢ። እዚያ እርጥብ ስለሆነ ቅርፊት አይሠራም፤ ቶሎ ይፈርጥና ነጣ ያለ ትንሽ ቁስል ሆኖ ይቀራል። ልጁ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያለቅሳል፣ ውሃ እንኳ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ወተት፣ እርጎ፣ በረድ ያለ አጥሚት በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ትሰጡታላችሁ። ሚጥሚጣና ሎሚ አታስነኩት። በድሬ ሙቀት ላይ ትኩሳት ሲጨመርበት፣ መዋጥ ያቃተው ልጅ ውሃው ቶሎ ያልቃል፤ ሽንቱን ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ካልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ ካልወጣው፣ ለዚያ ብቻ ብላችሁም ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

ችግሩ የሚከብደው ቁስሉ ወርዶ የድምፅ አውታር ያለበት ማንቁርት ላይ ሲወጣ ነው። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ጊዜ አይሰጥም። ምክንያቱ የልጅ አየር መንገድ አሠራር ነው። ከድምፅ አውታር ሥር ያለው ቦታ በሕፃን ላይ በጣም ጠባብ ነው፤ ዙሪያውንም የማይለጠጥ ቀለበት ከቦታል። ሽፋኑ ሲያብጥ ወደ ውጭ መስፋት ስለማይችል የሚያብጠው ወደ ውስጥ፣ አየሩ በሚያልፍበት በኩል ነው። ሒሳቡን አብራችሁኝ አስቡት። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የልጅ መንገድ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ የሚቀረው 2 ሚሊ ሜትር ነው። አየሩ የሚያልፍበት ቦታ ከነበረው ሩቡ ብቻ ቀረ ማለት ነው። አየሩን ለመሳብ የሚጠይቀው ትግል ደግሞ በስሌት 16 እጥፍ ይሆናል። 8 ሚሊ ሜትር ያለው አዋቂ ላይ ያው 1 ሚሊ ሜትር እብጠት ቢደርስ ከግማሽ በላይ መንገድ ይቀርለታል፤ ትግሉም 3 እጥፍ ገደማ ነው። እኛን ድምፅ ከማጎርነን የማያልፍ እብጠት ልጅን ያፍናል። እቤት ስትገቡ አፍንጫችሁን ይዛችሁ በለስላሳ መጠጫ ስትሮ ብቻ ጥቂት ተንፍሱ፤ ከዚያ ስትሮውን በጣት ጨመቅ አድርጉት። ልጁ የሚታገለው ከዚያ ጋር ነው።

ይህ ቫይረሱ ራሱ የሚያደርሰው ነው። ድምፅ ይጎረንናል፣ ሳሉ የውሻ ጩኸት ይመስላል፣ አየር ሲስብ ጮኽ ያለ ሻካራ ድምፅ ይሰማል። ሐኪሞች ሕመሙን ክሩፕ፣ ድምፁን ስትራይደር ይሉታል። እናንተ ስሙን ባትይዙትም ግድ የለም፤ ድምፁን ያዙልኝ። ትንፋሽ ሲገባ የሚሰማ ነው እንጂ ሲወጣ አይደለም። ሲወጣ የሚያፏጭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አስም ወይም የሳንባ ችግር ነው፤ ሲገባ የሚጮኸው ከጉሮሮ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በባክቴሪያ ነው፤ እኔም ይበልጥ የምፈራው ይህኛውን ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ጤነኛ ልጅ ጉሮሮ ውስጥም ምንም ሳያደርግ ሊኖር ይችላል። ቶንሲል ከሚያመጡት አንዱም እሱ ነው። ጉድፍ ቆዳውንና የጉሮሮውን ሽፋን ሲያቆስለው ለዚህ ባክቴሪያ በር ይከፈትለታል። ስታፊሎኮከስም እንዲሁ። በቆዳ በኩል ሲገባ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል። በጉሮሮ በኩል ሲገባ ግን አይታይም። የማንቁርቱን ክዳን ሊያሳብጠው ይችላል። የአየር ቧንቧው ውስጥ ወፍራም መግል ሊያመርት ይችላል። ከጉሮሮው ጀርባ፣ ከአንገት አጥንቱ ፊት ለፊት፣ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ይህ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ይታያል፤ በዚያ ዕድሜ እዚያ ቦታ ላይ ያሉት ንፍፊቶች ገና ስላልከሰሙ ነው። ከዚያ ቦታ መግሉ ወደ ደረት ሊወርድ ይችላል።

ይህን የሚያስታውቀው ቀኑ ነው። ጉድፍ ሲወጣ ትኩሳት መኖሩ አያስደንቅም፤ በ3ኛው፣ በ4ኛው ቀን ግን መቀነስ አለበት። ትኩሳቱ በ4ኛው ቀን አልወርድ ካለ፣ ወይም ወርዶ ልጁ መጫወት ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ከነደደ፣ ቫይረሱ ብቻውን አይደለም ብላችሁ አስቡ። ቅርፊቱ እየደረቀ፣ ቆዳው እየዳነ፣ ልጁ ግን እየደከመ ከሄደ አትጠብቁ። ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ "ጉድፉማ ደርቋል" ይላሉ።

ምልክቱን በቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ልሃጩ ደረቱን የሚያረጥብ ልጅ፤ ያውም ጥርስ እያወጣ ያለ ሕፃን ሳይሆን ልሃጭ የተወ ልጅ። ድምፁ የታፈነ፣ አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች የያዘ የሚመስል። ቀና በል ሲሉት አንገቱን የማያቀና፣ ወይም ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚይዝ። ሲያስተኙት የሚጨነቅ፣ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ዘንበል እያለ፣ አገጩን ወደ ፊት አስግጎ፣ እጁን መሬት ተደግፎ የሚተነፍስ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃልና ከጉሮሮው ሥር ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ። ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሰማያዊ ቀለም ያለው። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ሌላውን አትጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ባትረሱልኝ ደስ ይለኛል። ሲጮኽ የነበረ ትንፋሽ ድንገት ጸጥ ካለ ልጁ ተሻለው ማለት ላይሆን ይችላል። ንቁ ሆኖ፣ ጠጥቶ፣ ተጫውቶ ጸጥ ካለ ተሽሎታል። እየፈዘዘ፣ እያንቀላፋ፣ ዓይኑ እየከበደ ጸጥ ካለ ግን ደክሞት መታገል እያቆመ ነው። "ተኛልኝ፣ ተመስገን" ተብሎ ጠዋት የሚመጣ ልጅ አለ። በዚያን ጊዜ የኛም እጅ ያጥራል።

አሁን ስለ እንጥል እናውራ። ይህን ስናገር ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እናት ልጇ ሲሰቃይ ዝም ብላ አታይም፤ የምታውቀውን ትሞክራለች። ልጁ አልውጥ ሲል "እንጥሉ ወርዷል" ይባላል፤ ጎረቤት ይመክራል፤ ቆራጭ ይጠራል ወይም ልጁ ይወሰዳል። እንጥል የምንለው ላንቃ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው ሥጋ ናት፤ ጉድፍ ጉሮሮ ሲገባ አብራ ትቀላለች፣ ታብጣለች። ያበጠችው በሽታው ስላለ ነው፤ በሽታውን ያመጣችው እሷ አይደለችም። ስትቆረጥ ደሙ የሚወርደው በጠበበው መንገድ ላይ ነው። ምላጩ ወይም ማጭዱ ከልጅ ወደ ልጅ የዞረ ከሆነ ቴታነስም፣ ኤችአይቪም፣ የጉበት ቫይረስም አብሮ ሊገባ ይችላል። ስትሬፕቶኮከስ ባለበት ጉሮሮ ላይ አዲስ ቁስል መክፈት ደግሞ ባክቴሪያውን ወደ ደም መጋበዝ ነው። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ጉድፉ ቀላል ነበር። እንጥሏ በተቆረጠ ማግስት ስትደርስ የአልጋ ልብሱ፣ የእናቷ ነጠላ፣ ሁሉም ደም ነበር። ልጅቷ ተርፋለች፤ እናትየው ግን "ሰው ብሎኝ ነው ዶክተር" እያለች ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ይህን ለናንተ የምናገረው ያ "ሰው" ከመካከላችን ስለሆነ ነው፤ የሚመክረው ጎረቤት፣ የምትመክረው አክስት። ቀጣዩ ምክራችሁ "ወደ ሆስፒታል ውሰጂው" ይሁን።

በጣት ቶንሲል ማፍረጥም ከዚሁ አይለይም። በማንኪያ እጀታ ምላሱን ተጭኖ ማየትም እንዲሁ፤ ይህ ለጤና ባለሙያዎችም ነው። ልሃጩ የሚፈስ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የሚተነፍስ ልጅ ምላሱን አትጫኑ። ያበጠው የማንቁርት ክዳን ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ጉሮሮውን የምናየው መሣሪያው ዝግጁ በሆነበት ክፍል፣ ቱቦ ማስገባት የሚችል ባለሙያ አጠገባችን ቆሞ ነው።

ወደ ሆስፒታል ስታመጡት እናቱ ወይም የለመደው ሰው ታቅፎ፣ ቁጭ እንዳለ ይምጣ። በግድ አታስተኙት። አታስለቅሱት፤ ሲያለቅስ አየሩን በኃይል ስለሚስብ የጠበበው መንገድ ይበልጥ ይጨመቃል። ምግብም መጠጥም በግድ አትስጡት። የሽቱና የዕጣን ጭስ ካለበት ክፍል አውጡት። በየቤታችን ዕጣን ማጨስ የተወደደ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሽተኛ ልጅ አጠገብ ግን ለጊዜው ይቅር። በብርድ ልብስ መሸፋፈንም ይቅር፤ ድሬ ውስጥ ትኩሳት ያለበትን ልጅ መጠቅለል ትኩሳቱን ከፍ ያደርጋል። ባጃጅ ላይ ስትወጡ ንፋሱን አትፍሩ። የምትሄዱትም በቅርባችሁ ወዳለው ይሁን፤ ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን ሆስፒታል። "ሐረር ይሻላል" ብላችሁ የታፈነ ልጅ ይዛችሁ በቀጥታ የደንገጎን ዳገት አትያያዙት። መጀመሪያ እዚህ ኦክስጅን ይሰጠው፣ መንገዱ ይረጋጋ፤ ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል መሄድ ካስፈለገ ባለሙያ አብሮት፣ በአምቡላንስ ይሄዳል።

ሆስፒታል ሲደርስ የሚደረግለትን አስቀድማችሁ ብታውቁ ጥሩ ነው፤ ወላጅ ስለሚደነግጥ። ኦክስጅን በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ ይሰጠዋል። አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት በሚጤስ መልክ በጭንብል ይስባል፤ እብጠቱን ለጊዜው ያሟሽሻል፤ ውጤቱ ሊያልቅ ስለሚችል ለሰዓታት እንከታተለዋለን። "ተሻለው፣ እንሂድ" አትበሉን። ባክቴሪያ ከጠረጠርን በደም ሥር ሴፍትሪአክሶንና ክሊንዳማይሲን የመሰለ ፀረ ባክቴሪያ እንጀምራለን። ቫይረሱ ራሱ ጉሮሮና ሳንባ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ልጁ የመከላከል አቅሙ የደከመ ከሆነ፣ አሲክሎቪር በየ8 ሰዓቱ በደም ሥር ይሰጠዋል። ከጉሮሮ ጀርባ መግል ከተቋጠረ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሊፈስ ይገባል። መንገዱ ሊዘጋ ከተቃረበ ቱቦ በአፉ በኩል ይገባለታል። ያ ካልተቻለ አንገቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። "አንገቱ ሊበሳ ነው" ሲባል ፈርሞ ልጁን ይዞ መውጣት የሚፈልግ አባት አይቻለሁ። ስሜቱ ይገባኛል። ያ ቀዳዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለጊዜው ነው፤ እብጠቱ ሲወርድ ቱቦው ይወጣል፣ ቁስሉም ይዘጋል፣ ልጁም ድምፁን መልሶ ያገኛል።

ስለ መድኃኒት ሳልናገር አልሄድም። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በቂ ነው፤ በክብደቱ ልክ፣ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አስፒሪን ጉድፍ ላለበት ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሬይ የሚባል አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ከተማችን የድንበር ንግድ ከተማ ናት፤ በሻንጣ ገብቶ በየሱቁ የሚሸጥ፣ ወረቀቱ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ የጉንፋን መድኃኒት ብዙ አለ። ውስጡ አስፒሪን ይኑር አይኑር የማታውቁትን ለልጅ አትስጡ። አይቡፕሮፌንም በጉድፍ ጊዜ ይቅር፤ ከከባድ የስትሬፕቶኮከስ ቆዳና ሥጋ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ታይቷል። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ለሽፍታው እንዳትሰጡ፤ የመከላከል አቅሙን አውርዶ ቫይረሱን ሊያስለቅቀው ይችላል። እኛ ለጉሮሮ እብጠት የምንሰጥበት ጊዜ አለ፤ ያ ግን ልጁን ፊት ለፊት እያየን፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝነን ነው። አስም፣ ኩላሊት ወይም ሌላ በሽታ ኖሮበት እነዚህን መድኃኒቶች ቀድሞ የሚወስድ ልጅ ደግሞ በድንገት አያቁም፤ ጉድፍ የያዘው ሰው አጠገቡ ከነበረ ሽፍታ እስኪወጣ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይንገር።

ክትባቱን በተመለከተ ብዙዎች "ልጄ የኩፍኝ ተከትቧል" ትሉኛላችሁ። ኩፍኝ ሌላ፣ ጉድፍ ሌላ። የጉድፍ ክትባት አለ፤ በአገራችን መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ ግን አልገባም። ያገኘው ጃፓናዊው ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. የ3 ዓመት ልጁን ጉድፍ ያዘው፤ ሽፍታው በዛ፣ ትኩሳቱ ናረ፣ ትንፋሹ ተቸገረ። ልጁ ዳነ፤ አባቱ ግን ያን ሌሊት አልረሳውም። 10 ዓመት ሠርቶ በ1974 የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዘ ክትባት አወጣ። አሜሪካ በ1995 መስጠት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ በጉድፍ ሆስፒታል የሚገባና የሚሞት ልጅ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። አንድ አባት ልጁ ሲታፈን አይቶ የሠራው ሥራ ነው፤ የኛም ልጆች እንዲያገኙት እመኛለሁ። እስከዚያው በእጃችን ያለውን አንተው፤ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት የሚሰጠው የፔንታቫለንት ክትባት የማንቁርት ክዳን የሚያሳብጠውን ሌላውን ባክቴሪያ፣ ሒብ የሚባለውን፣ እንዲሁም ጉሮሮ የሚዘጋውን ዲፍቴሪያን ይከላከላል። ካርዱን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ የጎደለ ካለ ሳምንቱን ሳትጨርሱ ውሰዱት።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።

(አንዲት እናት፦ "ገላውን ማጠብ ሽፍታውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል ይባላል። ቡናም አይቆላበት፣ ብርሃንም አይየው ይሉናል።")

እማማ፣ ሽፍታው ወደ ውስጥ አይገባም። ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ሳታሹ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፣ ጥፍሩን ቁረጡለት። ባክቴሪያ የሚገባው በታከከው ቁስል ነውና ንጽሕና ነው የሚጠብቀው። ጨለማ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ከንፈሩ መጥቆሩን፣ ደረቱ መሰርጎዱን እንዴት ታያላችሁ? መስኮቱን ክፈቱ። የቡናው ጭስ እንደ ዕጣኑ ነው፤ በሌላ ክፍል ይቆላ።

(አንድ መምህር፦ "መቼ ይመለስ?")

የመጨረሻው ቁስል ቅርፊት ሲሆን፤ ብዙ ጊዜ ሽፍታው ከወጣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪረግፍ መጠበቅ አያስፈልግም። ስትመልሱት ግን ለቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ምሳውን ይበላ እንደሆነ፣ ድምፁ እንዴት እንደሆነ ልብ በሉልን። ክፍል ውስጥ ነፍሰ ጡር መምህርት ካለች፣ ጉድፍ ይዟት የማያውቅ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ለሐኪሟ ትንገር።

(አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦ "አራስ ልጅስ?")

እናቲቱ ላይ ሽፍታው ከመውለዷ በፊት በ5 ቀን ውስጥ ወይም ከወለደች በኋላ በ2 ቀን ውስጥ ከወጣ፣ ሕፃኑ ምንም ምልክት ባያሳይም የዚያኑ ቀን ላኩት። ከእናቱ የሚያገኘው መከላከያ ሳይደርሰው ቫይረሱ ብቻውን ደርሶታል።

(አንድ አዛውንት፦ "የልጅ ልጄ ሁልጊዜም ያንኮራፋል። በምን እለያለሁ?")

ጥሩ ጥያቄ ነው አባባ። ቶንሲሉ ወይም አፍንጫው ሲያስቸግረው የሚያንኮራፋ ልጅ ሲነቃ ያቆማል። ሲነቃም፣ ሲቀመጥም፣ ታቅፎም ሳለ ትንፋሹ ሲገባ የሚጮኽ ከሆነ ማንኮራፋት አይደለም። ቀስቅሰው ውሃ ይስጡት፤ ነቅቶ ከጠጣና ድምፁ ከጠፋ ይተኛ። ካልጠጣ ወይም ድምፁ ካልጠፋ ይዘውት ይውጡ።

(ከኋላ የተቀመጠች ወጣት እናት፦ "የኔ ዛሬ 3ኛ ቀኑ ነው። ምራቁን ይውጣል፣ ይጠጣል። ድምፁ ግን ከትናንት ጀምሮ ጎርንኗል። ሳሉም...")

ዕድሜው ስንት ነው? ሁለት ዓመት። እሺ። ሳሉን ሳልሰማና ልጁን ሳላይ "ግድ የለም" አልልሽም። ስብሰባው እዚህ ላይ ያብቃ፤ የቀረ ጥያቄ ያላችሁ ነርሷ ትቆይላችኋለች። አንቺ እቤት ደውዪና እንዳያስተኙት፣ ታቅፈውት እንዲቆዩ ንገሪያቸው። መኪናዬ በር ላይ ነው፤ አሁኑኑ አብረን እንሂድና ልየው።